ከአራት ቁጥር የተሰማው ለቅሶ

ዶክተር ኢንግሪድ ቶርቫልድሰን ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተጋድመዋል። ከንፈራቸው አብጧል፤ አንገታቸው ደም መስሏል። ባልደረቦቻቸው ሊያድኗቸው ሲታገሉ የቀደዱት ሸሚዝ እንዳይታይ አንድ ሰው ነጭ ጋዎን ጣል አድርጎባቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ግማሹ የተጠጣ የወተት ሻይ ቀዝቅዞ ስልባቦት ይዟል።

ሳጅን ሌዎና ስፔንስ አጠገባቸው ተንበረከከች። ከቦት ጫማዋ ላይ የዊኒፔግ በረዶ ገና አልቀለጠም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። በሕፃናት ተመላላሽ ክሊኒኩ የሚሠለጥኑት ሬዚደንቶች አንድ ልጅ መርምረው ሲጨርሱ ያዩትን የሚያቀርቡት እዚህ ነው። ቶርቫልድሰን ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ተነሥተው ልጁን ራሳቸው ያዩታል። እሳቸው ሳያዩት ወደ ቤቱ የሚመለስ ልጅ የለም።

«ይቺን እዪ» አላት ረዳቷ መርማሪ ክላሰን። ከሟቿ ቀኝ እጅ አጠገብ እስክሪብቶ የመሰለ የአለርጂ መርፌ ወድቋል። «ራሳቸውን ወግተዋል፤ መድኃኒቱ ግን አላዳናቸውም።»

ስፔንስ የሟቿን ሱሪ ተመለከተች። በቀኝ ጭናቸው ላይ ተጭኖ የቀረ ክብ ምልክት አለ፤ ቀዳዳ የለውም። ሐኪሞቹ የወጓቸው በግራ በኩል ነው። መርፌዋን በጓንት አንሥታ አፏን አየች።

«ምንም አልወጉም። ይሄ ባዶ ነው።»

«ማሳያው ነው!» አለች በሩ ላይ የቆመችው ነርስ፣ ሲስተር ሊጋያ። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «መርፌም መድኃኒትም የለውም። ልጃቸው ቢታፈን እንዴት እንደሚወጉ እናቶችን የምናለማምድበት ነው። ግን የማሳያው ወረቀት ሌላ ነው። ይሄ የእውነተኛው ወረቀት ነው።»

«ተልጦ ተለጥፎበታላ። ዶክተሯ ምን ነበር የማይስማማቸው?»

«ኦቾሎኒ። እዚህ ቤት ያልሰማ የለም።»

«እዚህ ቤት ኦቾሎኒ ይገኛል?»

«ቁም ሣጥን ሙሉ። ሕፃናቱ ከትንሽነታቸው እንዲለምዱት ዱቄቱን በገንፎ እናቀምሳቸዋለን።»

ስፔንስ ወደ ሻዩ ተመለከተች። የዝንጅብሉ ሽታ ከሩቅ ይጣራል። እንዲህ ዓይነት ሻይ ብዙ ነገር ይደብቃል።

«ሻዩን ማን አመጣው?»

ሊጋያ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወለል ወለሉን አየች። «ዶክተር ኒምራት። ሁልጊዜ እሷ ናት የምታመጣላቸው።»

ዶክተር ኒምራት ሶሃል የመጀመሪያ ዓመት ሬዚደንት ናት። ሕፃናት በሚጫወቱበት ጥግ፣ በአንዲት ትንሽ ቀይ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሐል ጨብጣለች። ስፔንስ አጠገቧ ያለችውን ቢጫ ወንበር ሳበች።

«ሳጅን፣ እሱ የሦስት ዓመት ልጅ ወንበር ነው» አለች ሊጋያ ከኋላ። «ይሰበርብናል።»

«የኔን ክብደት በኔ ተዪው።» ወደ ኒምራት ዞረች። «እስቲ ንገሪኝ።»

«ከቤት በፔርሙዝ ነው የማመጣው። ቀድቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። እሳቸው ሁለት ቁጥር ክፍል ከዶክተር ጆኤል ጋር ልጅ እያዩ ነበር። ከዚያ ወጥቼ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስጽፍ ቆየሁ። የምርመራዬን ውጤት ላቀርብ ስሄድ በሩ ዝግ ነው። ሻይ ሲጠጡ ይዘጉታል፤ ማንም አያንኳኳም። ግን ቆዩብኝ። ከፈትኩት። ከዚያ ጮህኩ።»

«ስትጽፊ ያየሽ አለ?»

«የለም።»

«ከዶክተሯ ጋር ተጋጭተሽ ታውቂያለሽ?»

ኒምራት ቀና አለች። «ይነግሩዎታል፤ እኔው ልንገርዎ። ዓመቱን ልትደግሚ ትችያለሽ ብለውኛል። ልጅ ስመረምር በጣም እዘገያለሁ። አባቴ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ነው ያስተማረኝ። ከዚህ ብባረር የትም አልቀጠርም። ብታሰር ደግሞ...»

ክላሰን ስፔንስን ወደ ጎን ወሰዳት። «ሻዩ የሷ፣ ቂሙ የሷ። ምን ቀረን?»

«ሌሎቹ የት እንደነበሩ ማወቅ።»

ሌሎቹ ብዙ አይደሉም። የሁለተኛ ዓመቷ ዶክተር ጆኤል ካሪየር ሻዩ ከተቀመጠ ጀምሮ ሁለት ቁጥር ከራሳቸው ከሟቿ ጋር ነበረች፤ እሳቸው ከወጡም በኋላ ከልጁ ወላጆች ጋር ቆይታለች። ሲስተር ሊጋያ መንታ ሕፃናት ስትከትብ የመንታዎቹ አባትና እናት አጠገቧ ነበሩ። የሬዚደንቶቹ አለቃ ዶክተር ታራስ ዎልቹክ አራት ቁጥር ውስጥ ዶውሰን የሚባል ጨቅላ እየመረመረ ነበር።

ጆኤል ስትጠየቅ ጣቶቿን እያፍተለተለች አንድ ነገር ተናገረች። «ሁለት ቁጥር እያለን ዶክተር ቶርቫልድሰን ቀስ ብለው፣ ‹በዚህ ክሊኒክ ያላዳመጠውን ልብ አዳመጥኩ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ። ዛሬ ከሻይ በኋላ እጨርሰዋለሁ› አሉኝ።»

«ማን እንደሆነ አልነገሩሽም?»

«አልነገሩኝም።» ወደ ቀይዋ ወንበር በስርቆት አየች። «እኔ እንጃ።»

ስፔንስ ያንን አስተያየት ልብ አለችው። ከሞት ቀጥሎ በአንድ ቤት ውስጥ የሚገባው ይሄ ነው፤ ትናንት ምሳቸውን የተካፈሉ ሰዎች ዛሬ በጎን ይተያያሉ።

ታራስ ዎልቹክ ግን ፊት ለፊት ነው የሚያየው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ድምፁ የሚያረጋጋ ወጣት ነው፤ ለፖሊሶቹ ውሃ ያመጣው እሱ ነው።

«ኒምራት መጥፎ ልጅ አይደለችም» አለ። «ጫናው በዝቶባት ይሆናል። ይህ ሥልጠና ሰው ይሰብራል።»

«እስካሁን መጥፎ ናት ያለኝ የለም» አለች ስፔንስ። «አንተ የት ነበርክ?»

«አራት ቁጥር። ረጋ ያለ ልጅ ነው። ልቡን አዳመጥኩ፣ ሳንባውን፣ ሆዱን፤ ሁሉም ንጹሕ ነው። መጨረሻ ላይ ጆሮውን ሳይ ለቅሶውን አቀለጠው። ከዚያ የኒምራት ጩኸት ተሰማና ሮጥኩ።»

«እውነቱን ነው» አለች ሊጋያ። «ልጁ ሲጮህ እየከተብኩ ነበር። ‹ታራስ ሊጨርስ ነው› አልኩ በልቤ። ምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደቆየ በለቅሶው አወቅኩት።»

«ሲገባ አይተሽዋል?»

«ማየት ምን ያደርግልኛል? ሰማሁት እኮ!»

ክላሰን ለዶውሰን እናት ስልክ ደወለ። ኒምራት ስትጮህ ዶክተሩ ከእርስዎ ጋር ነበር ወይ አላት። አዎ፣ አጠገቤ ነበር አለች።

«በቃ» አለ ስልኩን እየዘጋ። «የቀረችው አንዲት ናት። ነገ ከሰዓት በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት ሲደርስ እይዛታለሁ። አትከልክይኝ ሌዎና።»

«እስከዚያ ኒምራት ከክሊኒኩ እንዳትርቅ። ግን ካቴናህን አታሳያት።»

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ ተከፈተ። የልጆች ሳል ለሐዘን አይቆምም። ቶርቫልድሰንን የተካው ሐኪም የመጀመሪያ ትእዛዝ ዶውሰን ተመልሶ ይምጣ የሚል ነበር፤ ታራስ ቢያየውም በአለቃ ሐኪም አልታየምና። እናቱ ሼልቢ ፍሌት በአውቶቡስ መጣች። ልጁ ካፖርቷ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶታል።

«ሬዚደንት ስትሠራ አይቼ አላውቅም» አለቻት ስፔንስ ጆኤልን። «ጥግ ላይ ልቁም? እናትየዋ ከፈቀደች።»

«ኧረ ግቢ» አለች ሼልቢ። «ዝም ብሎ የሚቆም ፖሊስ አይቼ አላውቅም፤ ልየው።»

ጆኤል ልጁን ከእናቱ ጭን አላነሣችውም። ማዳመጫውን በመዳፏ አሙቃ፣ ተንበርክካ፣ ሸሚዙን ሳትከፍት ከሥር አስገብታ ደረቱ ላይ አሳረፈችው። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቦታውን ቀይራ ደግማ አዳመጠች። ፊቷ ላይ ትንሽ ነገር አለፈ፤ ስፔንስ አየችው። ጆኤል ቀጥላ ጀርባውን አዳመጠች፣ ሆዱን ዳሰሰች፣ ዳሌውን አገላበጠች። ጆሮ ማያውን ያነሣችው መጨረሻ ላይ ነው። ዶውሰን ነቅቶ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

«ለምን ጆሮውን መጨረሻ?» አለች ስፔንስ ጩኸቱን ለማሸነፍ እየጣረች።

«መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው» አለች ጆኤል። «ዝም ሲል ልቡን ትሰሚያለሽ። ጆሮና ጉሮሮ ከነካሽው በኋላ የምትሰሚው ለቅሶውን ብቻ ነው።»

«እንዲህ ይሻላል» አለች ሼልቢ ልጇን እያባበለች። «ያኛው ዶክተር ገና ከመግባቱ በጆሮው ጀመረ። ልጄ ሊፈነዳ ደረሰ። ከዚያ ያንን ነገር ደረቱ ላይ ሲያደርግ እያለቀሰ ነው። ወዲያው ደግሞ ውጭ ያቺ ሴትዮ ጮኸች።»

ስፔንስ ቀስ ብላ ከግድግዳው ተላቀቀች። «ከመግባቱ? ከዚያ በፊት ማን ነበር?»

«ማንም። ስንጠብቅ ቆየን እንጂ። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ በየት እንደሚጀመር አላውቅም። ጥፋት ነበረው እንዴ?»

«ያንቺ ጥፋት የለበትም» አለች ስፔንስ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሕፃናቱ ጥግ ሰበሰበቻቸው። ሌላ ወንበር አልነበረምና አዋቂዎቹ ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ ትንንሾቹ ላይ ተቀመጡ። የሳቀ የለም። ክላሰን ከኒምራት ጀርባ ቆሟል። ኒምራት ቀና አላለችም።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለች ስፔንስ። «ገዳዩ ሁለት ነገር አድርጓል። እውነተኛውን መርፌ ከዶክተሯ ቦርሳ ወስዶ በማሳያው ለውጧል፤ ያ ቀደም ብሎ በማንም ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው ሻዩ ውስጥ የተገኘው የኦቾሎኒ ዱቄት ነው። ሻዩ ተቀድቶ ዶክተሯ እስኪመለሱ ድረስ ባለው ጊዜ ብቻ ነው የሚገባው። በዚያ ጊዜ ጆኤልና ሲስተር ሊጋያ ሰው ፊት ነበሩ። የቀሩት ኒምራትና ታራስ ናቸው።»

«እኔ አራት ቁጥር ነበርኩ» አለ ታራስ።

«ማን አየህ?»

«ሁሉም ሰምተዋል!»

«አዎ፣ ሰምተዋል። ሲስተር ሊጋያ፣ ለቅሶውን ስትሰሚ ምን አልሽ?»

«ሊጨርስ ነው አልኩ። ጆሮ መጨረሻ ነው...» ሊጋያ ቆም አለች። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«እኔ ብሰማው ኖሮ አንድ ልጅ አለቀሰ ብቻ ነበር የምለው» አለች ስፔንስ። «እናንተ ግን በለቅሶው ውስጥ ያለቀ ምርመራ ሰማችሁ። ሳታዩት ለረጅም ጊዜ እዚያ እንደቆየ መሰከራችሁ። እሱም እንደምትመሰክሩ ያውቃል፤ ያስተማራችሁ እሱ ነው። ዱቄቱን ጨመረ፣ ዶክተሯ ገብተው በሩን እስኪዘጉ ተደብቆ ጠበቀ፣ ከዚያ አራት ቁጥር ገብቶ በጆሮው ጀመረ። ልጁም በጮኸ ጊዜ፣ አጠገቡ ባለው ክፍል የሚወድቅ ሰው ድምፅ ማን ይሰማል?»

ጆኤል ዓይኖቿን ጨፈነች።

«የእናትየዋ ቃል ነው ይሄ» አለ ታራስ። ድምፁ አሁንም የሚያረጋጋ ነው። «ደክሟታል፤ ቅደም ተከተል ማስታወስ አትችልም።»

«ትላንት ለእኔ ምን አልክ? ልቡ ንጹሕ ነው። ጆኤል፣ ዛሬ ምን ሰማሽ?»

«በልቡ ምት መሐል እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ አለ» አለች ጆኤል። «ጎልቶ ይሰማል። ለልብ ሐኪም ልኬዋለሁ። ልጁ ዝም ሲል ያዳመጠው ሰው... ታራስ፣ አንተ ልትስተው አትችልም።»

«ለቅሶ ውስጥ ካልሆነ በቀር» አለች ስፔንስ። «ቶርቫልድሰን ያላዳመጠውን ልብ አዳመጥኩ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ ያሉት አንተን ነው። እኛ ኒምራት መሰለችን። ኒምራት ግን የተወቀሰችው ዘገየሽ ተብላ ነው። የሚዘገይ ሰው ያዳምጣል።»

ስፔንስ ወደ ታራስ ቀረበች።

«አንድ ነገር ቀርቷል። ወረቀት ከእውነተኛው ልጦ ማሳያው ላይ መለጠፍ በጓንት አይሆንም፤ ሙጫው ጓንቱን ይይዛል። ላቦራቶሪው በሙጫው በኩል ግማሽ አሻራ አግኝቷል። የኒምራት አይደለም። ያንተን ትሰጠናለህ?»

ታራስ ጣቶቹን አየ። እንደማያውቃቸው ሁሉ አገላበጣቸው።

«አንዲት ልጅ ናት» አለ በመጨረሻ። «አንዲት ብቻ ናት ያመለጠችኝ። ኮሪደሩ ሙሉ ሕመምተኛ ነበር፤ አዳመጥኩ ብዬ ጻፍኩ። ጽኑ ሕሙማን ገባች፤ ድናለች እኮ! ቶርቫልድሰን ግን ተናዘዝ አሉኝ። ካልተናዘዝክ እኔ እናገራለሁ አሉ። ዘጠኝ ዓመት ነው የተማርኩት።»

«እሳቸውስ?» አለች ሊጋያ።

ክላሰን ከኒምራት ጀርባ ለቆ ወደ ታራስ ሄደ። በኒምራት አጠገብ ሲያልፍ ካቴናውን ከዓይኗ ሸሸገ። ሊጋያም ፊቷን ይዛ ወደ ክትባት ክፍሏ ገባች።

ጆኤልና ኒምራት ብቻ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ቀሩ። ስፔንስ ካፖርቷን እየለበሰች ነበር።

«ኒሚ» አለች ጆኤል። «ቤት ላድርስሽ? ብርዱ አይቻልም።»

«እኔ ነኝ ብለሽ ነበር?»

ከመጠባበቂያው በኩል ሕፃን ይስቃል።

«ትላንት ማታ ከሥራ ስወጣ» አለች ጆኤል፣ «እዚህ ኩሽና ውስጥ ያስቀመጥሽልኝን ሻይ ሳልቀምስ ደፋሁት።»

ኒምራት ተነሥታ ጋዎኗን አስተካከለች፤ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አጠለቀች።

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለች። «በአውቶቡስ እሄዳለሁ። አሁን ግን አንድ ቁጥር የሚጠብቀኝ ልጅ አለ።»