የአባዬ ዓይን ፎቶ

«ለእናትሽ ሄድን፣ ደህና ነው ተባለ በያት። አለቀ» አለ አባቷ፣ መኪናውን ከክሊኒኩ ማዶ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።

ልጅቷ ቀበቶዋን ፈታች። እናቷ ሥራ ስለምትገባ «አብረሽው ግቢ፤ ብቻውን ከለቀቅሽው ከበር ይመለሳል» ብላ አደራ ጥላባታለች። አባቷ ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ገና ዓመት አልሞላም። ኪኒኑን ይውጣል፣ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል፤ ምርመራ ሲባል ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

«ምንም አላመመኝም እኮ» አለ። «ያንን ታርጋ ከዚህ ላንብብልሽ?»

«ታርጋውን ተወውና፣ አባዬ፣ የመኪናውን ዘይት ሞተሩ ሳይጮህ የምትቀይረው ለምንድን ነው?»

«ሳይቃጠል በቅጠል ነዋ።»

ምን እንዳለ የገባው ካፉ ካመለጠው በኋላ ነው። «አይ አንቺ ጠበቃ» ብሎ ሳቁን ዋጠ። እጁን ግን ከመሪው አላነሳም።

ልትዋሽለት ትችል ነበር። እናቷ ሳትጠራጠር ታምናታለች፤ የከበዳትም ይኸው ነበር። በሩን ከፍታ ወረደች።

«ገብቼ ወረፋ ልያዝልህ። ለእማዬ ደግሞ ያየሁትን ነው የምነግራት።»

መንገዱን ተሻገረች፤ ዞር ብላም አላየችም። የካርድ ክፍሉ መስኮት ፊት ተሰልፋ ሳለ የአባቷን ጉሮሮ መጥረግ ከኋላዋ ሰማች።

ነርሷ ግፊቱን ለካች። ካልሲውን አስወልቃ የእግሩን የደም ትርታ በጣቷ ፈለገች፤ የውስጥ እግሩን በቀጭን ክር መሳይ ነገር እየነካች ይሰማው እንደሆነ ጠየቀችው።

«መሰማት ብቻ? ይኮረኩረኛል እንጂ» አላት።

ከዚያ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ተደረገለትና ብሌኑ እስኪሰፋ ጠብቀው የዓይኑን ውስጥ ፎቶ አነሱ።

ሐኪሟ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። በብርቱካንማ ክብ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች ቅርንጫፍ እያወጡ ተዘርግተዋል። ልጅቷ ወንበሯን ሳብ አደረገች።

«ስኳር የደም ሥርን የሚጎዳው ቀስ ብሎ፣ ሳያሳምም ነው» አለች ሐኪሟ። «የዓይንን፣ የኩላሊትን፣ የእግርን፣ የልብንም። ተጎድቶ ቢሆን እዚህ ጋ የደም ነጠብጣብ እናይ ነበር። የእርስዎ ንጹህ ነው። ግፊትዎ ግን ከፍ ብሏል፤ እሱም ለሥሮቹ ጠላት ነው። ጨው ይቀንሱ፣ በየቀኑ ይራመዱ። ተመልሰው ይምጡና ደግመን እንለካዎታለን።»

«እንግዲያው ደህና ነኝ ማለት ነው?»

«ታመዋል። ግን በጊዜ መጥተዋል።»

ጠብታው ዓይኑን ስላደበዘዘበት ፎቶው ለአባቷ አይታየውም ነበር። ወደ ልጁ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ «ምን ይመስላል?» አላት።

«ያምራል» አለችው። የእውነቷን ነበር።

ሲወጡ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው። እንዲህ ሆኖ መንዳት አይታሰብም፤ መኪናውን ለክሊኒኩ ጥበቃ አደራ ብሎ ትከሻዋን ተደግፎ ሄደ። ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርሱ እሷም አልቆመችም፣ እሱም «ወዴት ነው?» አላለም።

«ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት በእግሬ ነው የምሄደው» አለችው። «አንተ ታደርሰኛለህ።»

«ከእንቅልፍሽ ጋር ልትጣዪ ነው።»

«እንታረቃለን።»

«በስንት ሰዓት ልቀስቅስሽ?» አላት።