አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

ፈሪ ነኝ። በር ሲንኳኳ ክው እላለሁ፤ አለቃ ሲጠራኝ «ምን አጠፋሁ» እያልኩ ነው የምነሣው። በሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እመታ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቁልፎቹ ሲንጫጩ እንኳ ሰው የረበሽኩ እየመሰለኝ እሳቀቅ ነበር። ፍቅር የያዛት እንግዲህ ይህቺ ወለላ ናት።

ደመቀ የመጣው ማመልከቻ ሊያስጽፍ ነው። ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ የያዘ ልጅ ነበር።

«ወይዘሪት፣ ማመልከቻ ይጽፉልኛል?»

«ስምዎ?»

«ደመቀ ገብረ መድህን። ከሜራሮ ነው የመጣሁት።»

ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። እሱ ዝም ብሎ ጣቶቼን ያያል።

«ደከሙ መሰለኝ» አለ።

«አልደከሙም። እርስዎ ስለሚያዩዋቸው ነው።»

ይህን እኔ ማለቴን እስከ ዛሬ አላምንም። ፊቴ ጋለ፤ እሱም አንገቱን ደፋ። ማመልከቻው እዚያው እኛ መሥሪያ ቤት ላለ አንድ የጸሐፊነት ቦታ ነበር፤ ቦታው የሚገኘው በፈተና ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ አንድ ዓመት ካርታ ከሚያነሱ ቀያሾች ጋር መሣሪያ ሲሸከም ቆይቷል። ሒሳቡንና ጽሕፈቱን አልፈራም። የፈራው ጠቅላላ ዕውቀት የሚባለውን ክፍል ነው፤ ምን እንደሚመጣ አይታወቅማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በር ላይ ይጠብቀኝ ጀመር። አሰላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ጎን ለጎን ብንሄድ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለዚህ እኔ ከፊት፣ እሱ አሥር እርምጃ ከኋላ ሆነን እንሄድና ፊቴን ሳላዞር እጠይቀዋለሁ።

«ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙት የት ነው?»

«ካርቱም።»

«የጃፓን ዋና ከተማ?»

«ቶኪዮ። ነጠላሽ መሬት ነካ።»

«እሱ ፈተና ላይ አይመጣም።»

«እኔን ግን የሚጨንቀኝ እሱ ነው» ይላል። እኔም ሳቄን በነጠላዬ አፍናለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ ላበሽቀው ብዬ «ጭላሎ ተራራ ነው ካካ በከፍታ የሚበልጠው?» አልኩት። ሜራሮ ካካ ተራራ ሥር አይደለች?

«ካካ።»

«ለአገርህ ስታዳላ ነው።»

«አላዳላሁም። ከቀያሾቹ ጋር ሁለቱም ላይ ወጥቻለሁ፤ ቁጥሩን ሲጽፉም ቆሜ አይቻለሁ። እዚህ ሆነሽ ስታዪው ጭላሎ ቅርብ ስለሆነ ነው ትልቅ የሚመስልሽ።»

ቀና ብዬ ጭላሎን አየሁት፤ ከተማው አናት ላይ ተቀምጧል። የአሰላ ሰው ይህን ቢሰማ ይጣላው ነበር። ሳቅኩበት፤ እሱ ግን አልሳቀም፤ እያየኝ ነበር። ያን ቀን እንደምወደው አወቅሁ፤ ፍርሃቱም አብሮ ገባ።

አባቴ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ወሬውን ሰምተው ኖሮ ምሳ ላይ ቁርጡን ነገሩኝ። «የመንግሥት ደመወዝተኛ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ፣ እሰማለሁ። ካልሆነ ለዳግማ ትንሣኤ የሲሬው ሰው ይመጣል፤ ቃሌን እሰጠዋለሁ።» የሲሬው ሰው እህል ነጋዴ ነው፣ የአባቴ እኩያ። አንድ ጊዜ ቤታችን መጥቶ በሬ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች አይቶኛል። እሺም እንቢም ሳልል ተነሣሁ፤ ማታ እንደ ልማዴ ፊቴን ሳላዞር ሁሉንም ለደመቀ ነገርኩት።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አለቃዬ ባላምባራስ ወልደ ሚካኤል ጠሩኝ። የጠቅላላ ዕውቀቱን ሰላሳ ጥያቄ ራሳቸው ነበሩ ያወጡት። በሩን ዘግተው ወንጌል ላይ እጄን አስጭነው አስማሉኝ።

«ከዚህ ክፍል አንዲት ቃል ብትወጣ ካንቺ ነው። ለፖሊስ ነው የምሰጥሽ።»

«እሺ ጌታዬ።»

የማባዣውን ሰም ወረቀት፣ ስቴንስሉን፣ መኪናው ውስጥ አስገብቼ መምታት ጀመርኩ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «ከጭላሎ፣ ከካካና ከጉጉ ተራሮች በከፍታ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ይላል። የመልሱን ወረቀት አየሁ፤ በባላምባራስ እጅ «ጭላሎ» ተብሎ ተጽፏል።

ደመቀ ካካ ብሎ እንደሚጽፍ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አንድ ቦታ ነው፤ አሥራ አንድ ተፈታኝ ነው፤ አንዲት ጥያቄ እኔን ሲሬ ልትሰደኝ ትችላለች። «ጭላሎ በል» ብዬ በጆሮው ብናገር ያበቃል። ግን ወንጌሉ ላይ ያረፈው እጄ ነው፤ እንዴት አድርጌ?

ያን ቀን ማታ ስወጣ ደመቀ በሩ ላይ ቆሟል። የበሩ ዘበኛ ቱሳ ፊቴን አይቶ «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አለኝ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለፍኩ።

«ዛሬ ጥያቄ የለም?» አለ ደመቀ ከኋላዬ።

«የለም።»

ብጠይቀው የጠየቅኩት ሁሉ ጥቆማ ይሆንብኛል። ባልጠይቀውም የተውኩትን ይቆጥራል። ፊቴ ደግሞ ምስጢር አያውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ፊቴን አይታ ነው የምታጋልጠኝ። በሁለተኛው ቀን «አኮረፍሽ?» አለ፤ በሦስተኛው ቀን መንገድ ቀየርኩ፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል ስዞር እዚያም አገኘሁት።

«ወለላ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የሲሬውን ሰው ወደድሽው?»

አፌን ከፈትኩ። «አልወደድኩትም» ብል «ታዲያ ለምን ትሸሺኛለሽ» ይለኛል። ዓይኑን ላለማየት መሬት መሬት አየሁ፤ እሱም መልሱን ያገኘ መሰለው። ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ቤት ደርሼ አለቀስኩ፣ ያውም ድምፅ ሳላሰማ፣ አባቴ እንዳይሰሙ ፈርቼ።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው የባላምባራስን በር አንኳኳሁ።

«ጌታዬ፣ የአሥራ ሰባተኛው መልስ የተሳሳተ ይመስለኛል። የሚበልጠው ካካ ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ እዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ስነሣ የማየው ጭላሎን ነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ማን ነው ካካ ያለሽ?»

በሩን ዞር ብዬ አየሁት፤ ተዘግቷል።

«ደመቀ ገብረ መድህን።»

«ከተፈታኞቹ አንዱ?»

«አዎ። ግን ከመማሌ በፊት ነው የነገረኝ፤ እንዲሁ ስንጫወት። ከማልኩ ወዲህ አንድ ቃል አልነገርኩትም።»

«ይህን ማን ያምንሻል?»

«ማንም አያምነኝም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«እውነቱን ጽፎ እንዳይወድቅብኝ ነው» አልኩ። «እወደዋለሁ፣ ጌታዬ።» ይህን ከአፌ ሳወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ባላምባራስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «አጣራለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ካካ ከሆነ መልሱ ይታረማል። ተመካክራችሁ ከሆነ ግን ሁለታችሁም እስር ቤት ናችሁ። አሁን ሂጂ፤ ለእሱም ትንፍሽ እንዳትዪ።»

አዲስ አበባ ስልክ ደውለው ኖሮ በፈተናው ቀን ጠዋት በኮሪደሩ ሲያልፉ «ካካ ነው» ብለውኝ አለፉ። ሁለት ሳምንት ስፈራ ከርሜ ገና ያን ጊዜ ተነፈስኩ።

ወረቀት ያደልኩት እኔ ነኝ። ደመቀ ሲቀበለኝ ቀና ብሎም አላየኝ። ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ብዕሩን ስከተል ቆየሁ። አንድ ቦታ ላይ ብዕሩ ቆመ። በመስኮቱ ወደ ጭላሎ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ አየ። ዓይኔ እንዳይናገር ፈርቼ ወዲያው አቀረቀርኩ። እሱም ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ ሲያርሙ ውጤቱን የምመዘግበው እኔ ነበርኩ። በሒሳብና በጽሕፈት ከደመቀ ጋር እኩል የወጣ፣ ከዲክሲስ የመጣ አንድ ልጅ ከሰላሳው ሃያ ስምንት አገኘ። የደመቀ ወረቀት መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ስከተል አሥራ ሰባተኛው ላይ የባላምባራስ ቀይ እርሳስ ወረደ።

ጭላሎ ብሎ ጽፏል።

ሃያ ሰባት። የዲክሲሱ ልጅ ካካ ብሏል። መልሱ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ አንደኛ ደመቀ ነበር። በገዛ አፌ ጣልኩት። ዓይኔ ጨለመ፤ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ቁጥር ምን እንደሚመስል እንኳ አላስታውስም።

ባላምባራስ እርሳሱን አስቀምጠው «ጥሪው» አሉኝ።

ደመቀ ገብቶ ቆመ።

«ከቀያሾቹ ጋር ሠርተሃል አሉ። ካካ እንደሚበልጥ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጭላሎ አልክ?»

ደመቀ ባርኔጣውን አዞረው፣ መለሰው። «ፈራሁ፣ ጌታዬ። ጥያቄውን ያወጣው የአሰላ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ፤ የአሰላ ሰው ደግሞ ከጭላሎ ሌላ አያውቅም። እውነቱን ብጽፍ ይጥለኛል፣ ከወደቅሁ ወለላን አላገኛትም አልኩ። አሁን አፍሬበታለሁ።»

ባላምባራስ ወደ እኔ ዞሩ። «ተመካክራችሁ ቢሆን ካካ ይል ነበር» አሉ በቀስታ። «ስህተቱ ነጻ አወጣሽ፣ ልጄ። ቦታው ግን የዲክሲሱ ልጅ ነው፤ ፈተና ፈተና ነው። ሂዱ።»

ወጣን። ያን ቀን አሥር እርምጃ ወደ ኋላ አልቀረም፤ ጎኔ ሆኖ ሄደ። ሰው ያየናል ብዬ እንኳ አላሰብኩም።

«ደመቀ፣ መልሱ ጭላሎ ነበር። ያሳረምኩት እኔ ነኝ።»

ቆመ። የምጠብቀው ስድብ ነበር።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ የሸሸሽኝ ለዚህ ነው?»

«ፊቴ እንዳይነግርህ ፈርቼ።»

«እኔኮ የሲሬውን ሰው ወደደችው ብዬ እህል አልቀመስኩም።»

«አዘንክብኝ?»

«አዝኛለሁ» አለ። «ደስም ብሎኛል። ምን እንደሚባል አላውቅም፣ ወለላ።» እጄን ያዘ፤ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። ወዲያው ደግሞ ለቀቀው። «ነገ አቦምሳ እሄዳለሁ። አጎቴ ጋ የጭነት መኪና ረዳት እሆናለሁ። ከዚህ በኋላ በምን አፌ ሽማግሌ እልካለሁ?»

በማግስቱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልነግራችሁም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። የሲሬው ሰው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደጃችን ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቆሙ። ከፊት ያሉት ባላምባራስ ናቸው። እኔ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ነጠላዬን ነከስኩ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉ አባቴ ደንግጠው።

«ጉዳያችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም። ልጅዎን ለደመቀ ገብረ መድህን ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«ደመወዝ አለው?»

«የለውም። በኔ ፈተና በአንድ ጥያቄ ወደቀ፤ አፍሮ ሽማግሌ መላክ ቢያቅተው እኔ ራሴ መጣሁለት።»

«ታዲያ ባላምባራስ፣ ምን ይዘው መጡ?»

«ጥያቄዋን እኔም አላውቃትም ነበር፤ ያውም ያወጣኋት ራሴ ነኝ። የነገረችኝ ልጅዎ ናት። ለእሱ ብላ ነገረችኝ፣ በነገረችኝም ወደቀ። እሷ ወንጌል የነካችበትን እጅ አላሳፈረችም፣ እሱም የሠራውን ፊት ለፊቴ አልካደም። የያዝኩት ይህንን ነው።»

አባቴ ወደ መጋረጃው ዞሩ።

«ወለላ» አሉ አባቴ።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎችና አባቴ ያዩኛል። ከእግሬ እስከ ራሴ እንቀጠቀጣለሁ፤ አባቴም አይተውኛል።

«ምነው፣ ምን ትፈሪያለሽ?»

«እንዳይከለክሉኝ ነው፣ አባባ» አልኩ። «ሌላ የምፈራው የለኝም።»

አባቴ ተነሥተው በርጩማ አቀረቡ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «ተቀመጡ» አሏቸው።