ሦስት መልስ ብቻ

ሃሌሉያ ቦንጋ ገበያ አጠገብ ወዳለው ጌም ቤት የገባችው የስልኳን ስክሪን ለማስቀየር ነበር። ባለቤቱ ሉቅማን ስልክ ይጠግናል፣ ጥግ ላይ ባለው ቴሌቪዥን ደግሞ ጌም ያጫውታል። እስኪጨርስላት ስታይ፣ ጌሙ ውስጥ አንድ ጋሻ ያነገበ ፈረሰኛ የወገኑ ጠላት የሆነ ባላባትን ልጅ ሊያጭ ቆሟል። ባላባቱ «ወገንህ ማን ነው?» ሲለው ከሥር ሦስት መልስ ተደረደረ፤ ወገኑን መካድ፣ መዋጋት ወይም መሄድ።

«ለምን እውነቱን አይነግረውም?» አለች ሃሌሉያ።

«አይቻልም። ከሦስቱ አንዱን ነው። አለዚያ ታሪኩ አይቀጥልም።»

«የትኛው ደንቆሮ ነው የሠራው!»

ሉቅማን ሳቀ። ከዚያች ሳቅ በኋላ የሃሌሉያ ስልክ በየሳምንቱ የሚበላሽበት ነገር አላጣም።

ፈረሰኛውን ለወራት አብረው አመላለሱት። ደን ውስጥ የጠፋ ቀለበት ካላመጣ ዘበኛው አያናግረውም፤ ሲያመጣ ደግሞ አስቀድሞ ካህኑን ስላላየ ይመለሳል። ሃሌሉያ በንዴት ጆይስቲኩን ትወረውራለች፣ ሉቅማን አንሥቶ ያቀብላታል። ሲያቀብላት ጣታቸው ይነካካል። ተዋደዱ፤ ሌላ ምን ይባላል።

ችግሩ የታወቀ ነው። የሉቅማን አባት ከስልጤ መጥተው ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም ናቸው። የሃሌሉያ አባት አቶ ደጉ ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው።

ሉቅማን ሽማግሌ ላከ። እንደ ወጉ ላኪው ከቤት ይቀራል፤ ቃሉን የሚያደርሱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። «እሷም በእምነቷ፣ እኔም በእምነቴ። ይህን ብቻ ንገሩልኝ» ብሎ ለመናቸው። መሪያቸው ጋሽ ሰብሃት ግን «ሽማግሌ ዋሽቶም ያስታርቃል» የሚሉ ሰው ናቸው። አቶ ደጉ ፊት ቆመው፣ «ልጁ ጌታን ሊቀበል ተስማምቷል» አሉ።

ምስኪን፣ ደግ የሠሩ መስሏቸው ነው።

አቶ ደጉ ፊታቸው በራ። ልጃቸውን ከጓዳ ጠሩ።

«ሊያምን ነው ይሉኛል። እውነት ነው?»

«አባዬ፣ እሱም በእምነቱ፣ እኔም…»

«አዎ ወይስ አይደለም?»

«ልጨርስ፣ አባዬ።»

«ከሁለት አንዱን በይ ልጄ። ሽማግሌ ቆሟል።»

አዎ ብትል ሉቅማን ዕድሜ ልኩን በማያምንበት ሊኖር ነው። አይደለም ብትል ታጣዋለች።

«አይደለም» አለች።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አቶ ደጉም የዋሸኝ ቤት ልጄን አይወስድም ብለው ማሉ።

በማግስቱ ሉቅማን ጌም ቤቱ በር ላይ ዓይኑ ቀልቶ ጠበቃት።

«ምናለ አዎ ብትዪ? ሌላውን ቀስ ብለን እናየው ነበር።»

«ከዚያስ፣ ልትቀበል ነበር?»

«አልነበረም» አለ።

«እንግዲያ ምን ልበል? ንገረኝ!»

ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች የሚቀየሙት ሰው እንኳ ሲያጡ እንዴት ያማል!

አባቱ ነገሩን ሲሰሙ ቢታ ገነት ከተማ ወዳለው ሌላው ሱቃቸው ሰደዱት። በሄደበት ቀን ሃሌሉያ መናኸሪያ ስትደርስ ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ሉቅማን በመስኮት አያት።

«ሰው ያይሻል፤ ምን ልትዪ መጣሽ?»

«እወድሃለሁ» አለችው።

በዚያ ሁሉ ጥያቄ መሀል፣ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።