ያልተላለፈው እርማት

የፖድካስት አዘጋጁ አትክልት ከመቅረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ፍራሹ ላይ በጎኑ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ጋቢው እስከ አገጩ ተስቧል፤ ፊቱ ላይ የሥቃይ ምልክት የለም። እግሩ አጠገብ አመድ የለበሰ የከሰል ምድጃ ነበር።

የሱሉልታ ፖሊስ መጀመሪያ ነገሩን እንደ አደጋ ቆጠረው። በዚያ ከተማ ብርድ የከሰል ጭስ ሰው ሲገድል አዲስ አይደለም። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ተረፈች በዋዜማው የሰሙትን ሲናገሩ ግን ነገሩ ተለወጠ። የሟቹ የሥራ ባልደረባ ቤተልሄም በሩ ላይ ቆማ፣ «ይህን ከምታወጣው ብትሞት ይሻልሃል!» ብላ ጮኻበታለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ አስከሬኑን ያገኘችውም እሷው ናት። ታሰረች። «የገበያ ጆሮ» የተባለውን ፖድካስታቸውን የሚከታተለው ሕዝብ ደግሞ ፍርድ ቤት ሳይጠብቅ ፈረደባት፤ ፎቶዋ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ጀመር።

ክስ ሊመሠረትባት አንድ ቀን ሲቀር፣ ኢንስፔክተር ሙሉነሽ ከሰበታ ተጠርታ መጣች።

«እውነት እንዲህ ብለሽዋል?» አለቻት።

ቤተልሄም የእስር ቤቱን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። «ብዬዋለሁ። አልክድም።»

«ምኑን እንዳያወጣ ነው?»

«እርማቱን። የኦቦ ዲሪርሳ ወተት ውስጥ ፎርማሊን የተባለው ኬሚካል አለ ብለን ያወራነው ውሸት ነበር። አትክልት ናሙና አስመረመረና ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ‹ተሳስተናል ብዬ በራሴ ድምፅ እናገራለሁ› አለኝ። እኔ ፈራሁ። ማስታወቂያ የሚሰጠን ሁሉ ይሸሻል፣ ማንም አያምነንም ብዬ ለመንኩት። እምቢ ሲለኝ ያ ቃል ከአፌ ወጣ።»

«እርማቱን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔና እሱ። ሌላው ወሬውን የላከልን ሰው ነው። ድምፁን በመሣሪያ አወፍሮ በቴሌግራም ነበር የላከው። አትክልት ድምፁን ሲፈታው ሰንብቶ ‹ለየሁት› አለኝ። ‹ራሱ መጥቶ ይናገር ብዬ ዕድል ሰጥቼዋለሁ፤ እስከዚያ ስሙን ላንቺም አልነግርሽም› አለ። አመሉ ነው፤ ወሬ የሰጠውን ሰው ስም አሳልፎ አይሰጥም።» ዓይኗን ጨፈነች። «በዋዜማው መልእክቱን አብረን ሰምተነዋል። ፖሊሶቹ ስልኩን ሲከፍቱ የለም። ላኪው ከሁለቱም ወገን ሊሰርዘው ይችላል ብላቸው ሳቁብኝ።»

«ከሰሉስ?»

«ከሰል እዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም! ይንጣጣላ! ማይኩ ከሰው ድምፅ እኩል ነው የሚይዘው። ጣታችን እየደነዘዘ እንቀርጻለን እንጂ እሳት አናስገባም። ማን ያምነኛል? እናቴ እንኳ ትናንት መጥታ ‹አደረግሽው ወይ?› ብላ ጠየቀችኝ፣ ኢንስፔክተር። እናቴ!»

ሙሉነሽ ተነሥታ ወደ ወይዘሮ ተረፈች ግቢ ሄደች።

«እሳቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ተረፈች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «ጎህ ሲቀድ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ እስኪወጣለት በረንዳ ላይ ትቼው ኪዳን ሄድኩ። ስመለስ ምድጃው የለም።»

«አልፈለጉትም?»

«አትክልት ብርድ ጸንቶበት ወሰደው አልኩ። ገርሞኛል፤ ሌላ ጊዜ ስሰጠው ‹እማማ፣ እሳትዎ ወሬኛ ነው› ብሎ ይመልሰው ነበር። በሩ ላይ ‹ቀረጻ ላይ ነን› የሚለው ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ሰሌዳው ካለ ሰማይ ቢወድቅ አላንኳኳም፤ አንዴ አንኳኩቼ የጧት ሥራውን አበላሽቼበታለሁ።» እንባቸው መጣ። «ባንኳኳ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«የግቢው በርስ?»

«ገርበብ አድርጌው ነው የምሄደው። ከኔ ቤት ማን ምን ይወስዳል?»

ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከኦቦ ዲሪርሳ ወተት ማቀነባበሪያ በር ላይ፣ ገበሬዎች የተመለሰባቸውን ወተት ቦይ ውስጥ ይደፋሉ። ሶያማ የተባለው ገበሬ ባዶ ጣሳውን ይዞ ቀረበ።

«ኦቦ፣ ነገም ላምጣ?»

ኦቦ ዲሪርሳ ፊታቸውን አዞሩ። ሶያማ ጣሳውን አንጠልጥሎ ሄደ።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ? እንዴት ይኖራሉ?» አለች ሙሉነሽ።

«ምን መኖር አለ! አየሽው? ላሟ አልበደለች፣ እሱ አልበደለ። ያ ልጅ ስሜን አጥፍቶ፣ ‹ተሳስቻለሁ› ሳይል ሞተ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ገደልከው ወይ ብትዪኝ፣ አልገደልኩትም። ተመኝተሃል ወይ ብትዪኝ ግን አልዋሽሽም።»

«ፖድካስቱ ላይ ቀርበው ያውቃሉ?»

«ሁለቴ። መጀመሪያማ ሲሳይ ሆኖልኝ ነበር! የሕዝብ ግንኙነታችን ብዙነህ ጋዜጠኛ ሆቴል ጠርቶ፣ ምሳ አብልቶ፣ መግለጫ አድሎ፣ ጋዜጣ ላይ አንዲት መስመር ትወጣለች። እሷንም ማንም አያነብም። በዚያ ልጅ ማይክ ስለ ላሞቼ እንዳመጣልኝ ባወራሁ ሳምንት ግን ወተቴ ከየሱቁ አለቀ። ‹ታዲያ ብዙነህ ምን ይሠራልኛል?› አልኩ። ከበዓል በኋላ ትለቃለህ ብዬው ነበር። ይሄ ወሬ ሲመጣ ነው፣ ቆይ፣ ይህን መልስልኝ ያልኩት።»

ብዙነህ ቢሮው ውስጥ ከረባቱን እንዳሰረ ከጠረጴዛው ተነሥቶ፣ የታተመ ወረቀት ዘረጋላት።

«ድርጅታችን በወጣቱ ኅልፈት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን…»

«መግለጫ አልፈለግሁም፣ አቶ ብዙነህ።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ይቅርታ።»

«ስቱዲዮው ገብተው ያውቃሉ?»

«በጭራሽ! የኔ ሥራ በጽሑፍ ነው። ብርድ ልብስ በተሰቀለበት ጉሮኖ ገብቶ መለፍለፍ ለኔ የሚሆን አይደለም። እዚህ መምጣትዎ ይገባኛል፤ ድርጅታችን ተጎድቷልና ይጠረጠራል። ግን ያስቡት እስቲ። ስህተቱን ሊያርምልን የተነሣን ልጅ እኛ ለምን እንገድለዋለን?»

ሙሉነሽ ወረቀቱን አጠፈችው። «ልጆች አሉዎት?»

«ሦስት። ታናሿ ገና አንደኛ ክፍል ናት።» ድምፁ ድንገት ወረደ። «በዚህ ዕድሜ ሥራ ብለቅ ማን ይቀጥረኛል? የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ ‹ፖድካስት የሚያዘጋጅ፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር› ነው የሚለው። መግለጫ የሚጽፍ ፈላጊ የለውም።»

ከሰዓት በኋላ ሙሉነሽ ብቻዋን ስቱዲዮው ገባች። ግድግዳው በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኗል፤ መስኮቱ በፍራሽ ተደፍኗል። ፖሊሶቹ ኮምፒዩተሩንና ስልኩን ወስደዋል። ከማይኩ ማቆሚያ ጀርባ፣ በተሰቀለው ብርድ ልብስ እጥፋት ውስጥ ግን የመዳፍ ግማሽ የምታህል መቅረጫ ተሰክታለች፤ ባትሪዋ አልቋል። ሙሉነሽ ባትሪ ገዝታ ተመለሰችና በጆሮ ማዳመጫ ሰማች። ከዚያ ሁሉንም አስጠራች።

ቤተልሄም በፖሊስ ታጅባ ደረሰች። በሩ ላይ፣ እንባዋ ሳይቆም፣ ጫማዋን በእግሯ ገፋ አድርጋ አወለቀች። ወይዘሮ ተረፈች የፕላስቲክ ጫማቸውን ከጎኑ ተዉ። ኦቦ ዲሪርሳ ጉልበታቸውን እያመማቸው ጎንበስ ብለው ቦቲያቸውን አወለቁ። ብዙነህ በተወለወለ ጫማው የወለሉን ጣውላ እያንቋቋ ገብቶ ወንበር ሳበ።

«የአትክልትን ድምፅ እንስማ» አለች ሙሉነሽ።

«…ተሳስተናል። የኦቦ ዲሪርሳ ወተት ንጹሕ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላጣራ…» ድምፁ ቆመ፤ ያዛጋል። «ሲነጋ እደግመዋለሁ።» የጋቢ ኮሽታ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ።

ኦቦ ዲሪርሳ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ያ ዋቀዮ! ሊያርም ነበር?»

«ኦቦ ይህን አላወቁም ነበር፤ ልብ በሉልኝ» አለች ሙሉነሽ። «መቅረጫዋ ሳትዘጋ እንቅልፍ ጣለው። አሁን የሚመጣውን ስሙ።» ቀረጻውን ወደ ንጋቱ አሳለፈችው።

ዝምታው ውስጥ በሩ ሲጢጥ አለ። እርምጃ ጣውላውን አንቋቋው፤ ቆመ። ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ያው እርምጃ ከብዶ ተመለሰ። ብረት ወለል ነካ፤ በሩ ተዘጋ። ከዚያ ከሰል መንጣጣት ጀመረ።

«አጥፉልኝ ይህን!» አለች ቤተልሄም ጆሮዋን ይዛ። ሙሉነሽ ዘጋችው።

«አትክልት እሳቱን አላስገባም፤ ሌላ ሰው አስገባለት» አለች። «ማን? መጀመሪያ ሲገባ ሰውዬው ሊገድል አልመጣም፤ ባዶ እጁን ነበር። እንደ ማንኛውም እንግዳ ነው የገባው። የዚህ ቤት ሰው ግን ገና በሩ ላይ ጫማውን ያወልቃል፤ ጣውላው ቀረጻ ያበላሻል። ቅድም አይቻችኋለሁ። እሷ በእንባ መሀል አወለቀች። ኦቦ ዲሪርሳ ሁለቴ ስለተቀረጹ አልረሱም። የቤቱን ደንብ የማያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ብዙነህ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ። «ጫማ ነው ማስረጃው? ከመንገድ የገባ ሰካራምስ ቢሆን?»

«ሰካራም ቴሌግራም አይሰርዝም። የሐሰት ወሬውን የላከው ሰው፣ አትክልት በሞተበት ጧት መልእክቱን ከሁለቱም ወገን አጠፋ። ላኪው አትክልት እንደለየውና እርማት እንደሚያወጣ ያውቃል፤ ሟቹ ራሱ ነግሮታል። ከላኪው በቀር የሚያውቁት ሟቹና ቤተልሄም ናቸው። ኦቦ ዲሪርሳ እንኳ ‹ተሳስቻለሁ ሳይል ሞተ› ብለው ሲያዝኑ ነበር። እርስዎ ግን፣ አቶ ብዙነህ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቅዎ ‹ሊያርምልን የተነሣን ልጅ ለምን እንገድለዋለን?› አሉኝ። ማን ነገረዎት?»

ብዙነህ ቀና ብሎ ያየው ኦቦ ዲሪርሳን ነበር።

«ሥራህን ልነሳህ ስል ወተቴን ገደልክ?» አሉት ሽማግሌው። «የሶያማን ልጆች ጉሮሮ ዘጋህ?»

«በሳምንት የሚጠፋ መስሎኝ!» ብዙነህ ከረባቱን ፈታ። «ወሬ ይነሣል፣ እኔ መግለጫ አወጣለሁ፣ ወሬው ይቆማል። ድሮ እንዲያ ነበር! ከዚያ ‹ብዙነህ ባይኖር ጠፍተን ነበር› ይሉኛል ብዬ ነው። መግለጫውን ማንም አላነበበውም። ወሬው እያደር በዛ።»

«እዚህስ ምን አመጣዎት?» አለች ሙሉነሽ።

«ልለምነው ነው የመጣሁት። ስሜን አታውጣ፣ ልጆች አሉኝ ልለው። ተኝቶ አገኘሁት። ላስነሣው ስል ፈራሁ፤ ወጣሁ። እሳቱ በረንዳው ላይ ፍም ሆኖ ነበር…»

ወይዘሮ ተረፈች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ቤተልሄም ብዙነህ ላይ አልጮኸችም፤ የፍራሹን ቦታ ታያለች። ፖሊሱ ብዙነህን ክንዱን ይዞ አስነሣው።

ቤተልሄም በዚያው ሰዓት ተለቀቀች። ሙሉነሽ እስከ መንገዱ ሸኘቻት።

«እርማቱን በሱ ድምፅ አውጪው» አለቻት። «ያንቺንም እውነት ከሱ ጋር።»

«አወጣዋለሁ። ማን ይሰማዋል? ፎርማሊን ያልነውን አገር ሰምቶታል። ገዳይ ናት ያሉትንም አገር ሰምቶታል።»

ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ጥግ ተቀመጠች። መኪናው ቶሎ ሞላ፤ የቀረው ከጎኗ ያለው ቦታ ብቻ ነበር። ዘንቢል የያዘች ሴት ልትገባ ጎንበስ አለች፤ ቤተልሄምን አየች፤ ደግማ አየቻት፤ እግሯን ከደረጃው አወረደች። ከሷ ቀጥሎ የመጣው ሰውዬም አንገቱን አስግጎ ተመለሰ።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወያላው በሩን እየደበደበ፣ «አንድ ሰው! የቀረ አንድ ሰው!» እያለ መጣራቱን ቀጠለ።