የመካነ ብርሃኑ ማስታወሻ

ሐመልማል ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒዩተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ደንበኛ ሲገባ ፊቱን ሳይሆን የያዘውን ወረቀት ነው የምታየው። ያን ቅዳሜ የገባው ሰው ግን ወረቀት አልያዘም። ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ጨብጦ በሩ ላይ ቆመ፤ እሷም ቀና ብላ ፊቱን አየችው። ምነው ባላየችው ኖሮ! እንዲህ የምለው መጨረሻውን ስለማውቅ ነው።

«ማስታወሻ የምጽፍበት አፕ ሊዘጋ ነው» አላት። «እስከ ሚያዝያ ካላወጣችሁት ይጠፋል ብለው መልእክት ላኩልን። አራት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወሻ አለኝ። ኤክስፖርት ታደርጊልኛለሽ?»

«የምን ማስታወሻ ነው ይኼ ሁሉ?»

«የሰው ዘር።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ስሜነህ ይባላል፤ ዳባት የታሪክ መምህር ነው። አባቱ ዘሩን ሳይነግረው ሞተበት። በዚያ ቁጭት የእረፍት ቀኑን ሁሉ በእግርም በመኪናም እየዞረ፣ ከአምቢኮ እስከ መካነ ብርሃን ሽማግሌና ባልቴት እየጠየቀ፣ ማን ከማን እንደተወለደ ስልኩ ላይ ሲጽፍ ኖሯል። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። ስለዚህ ልጁን የሚድር ሁሉ «እስቲ ያንን መምህር ጥሩልን» ማለት ጀመረ።

ኤክስፖርቱ ያን ቀን አልሆነም። ፋይሉ ሲወጣ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን፣ ቀኑ ሁሉ የፈረንጅ ሆኖ ቁጭ አለ። «ለሳምንት ና» አለችው። ለሳምንት ሲመጣ መብራት ጠፋ። «እሺ፣ ለሳምንት» አለ፣ ጨርሶ ቅር ሳይለው። በሦስተኛው ቅዳሜ ፊደሉ ተስተካከለ። እሱ ግን መምጣቱን አልተወም።

ማስታወሻውንም የሥራ ዝርዝሩንም በአንድ ላይ የሚይዝ ሌላ አፕ ጫነችለት፤ ሁለቱም በየስልካቸው እንዲያዩት አደረገች። ለሥራው ነው፣ ምን ክፋት አለው! እሷ «የዳባቶቹን በየቤተሰቡ መለየት» ብላ ትጽፋለች፤ እሱ ከሥሩ «ሐመልማል ምሳ መብላቷን ማረጋገጥ» ይጨምርበታል። «አልበላችም» ብላ ከመለሰች ደግሞ ትምህርት እንዳበቃ ሚኒባስ ይዞ ከች ነው።

አንድ ቀን ዝርዝሩ ላይ «ሽማግሌ መላክ» የሚል ሥራ መጣ። ሐመልማል የደንበኛ መታወቂያ ማሽኑ ውስጥ እንደተወች ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆመች። ወዲያው «ትፈቅጃለሽ ወይ?» የሚል ተጨመረ።

«እስካሁን የት ነበርክ?» ብላ ጻፈችለት።

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። አባቷ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ በወጉ ተቀበሏቸውና፣ «ልጁን ወድጄዋለሁ። ዘር ይቆጠርና እሑድ ሳምንት ተመለሱ» አሉ። የራሳቸውን ትውልድ እስከ ሰባት በቃላቸው ቆጠሩት፤ ልጃቸው ጻፈች። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸውና የቆጠሩት በክርስትና ስም ነበር፤ ሙታናቸውን በጸሎት የሚያስቡት በእሱ ነዋ! የስሜነህ ወገኖች ግን የቆጠሩት በዓለም ስም ነው። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ስታስቀምጠው አንድም ስም አይገጥምም። ስሜነህ በደስታ የሚሆነውን አጣ።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እነሱ ግን አልፈሩም ነበር። ሐመልማል ዓርብ ዕለት ዝርዝሩን ለማተም ስታሰናዳ፣ ሥራዋን የምታጠብቅ ልጅ ናትና፣ እያንዳንዱን ስም ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ማስታወሻ ውስጥ ፈለገችው። «ወለተ ሥላሴ» ስትል ስሜነህ ከዓመታት በፊት መካነ ብርሃን ላይ ከአንድ አረጋዊ ቄስ አፍ ጽፎ የረሳው ማስታወሻ ወጣ።

«የሺወርቅ፣ የክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ፣ የአምቢኮ ሰው። ከመጀመሪያ ባሏ አሻግሬን፣ ከሁለተኛው ሰይፈ ሥላሴን ወለደች።»

አሻግሬ የስሜነህ ቅድመ አያት ነው። ሰይፈ ሥላሴ የአባቷ ቅድመ አያት ነው።

በጣቷ ቆጠረች። በእሱ በኩል አምስት፣ በእሷ በኩል ስድስት። ደግማ ቆጠረች። ሰባት አይሞላም።

«እመቤቴ፣ ድረሽልኝ» አለች። ከዚያ ማስታወሻውን ሰረዘችው። ምን ታድርግ! አንዲት የሞተች ሴት ሁለት ስም ነበራት ተብሎ በቁም ያለ ፍቅር ይቀበር? እኔም ብሆን የምሰርዘው ይመስለኛል።

ግን አፑ የሁለቱም ነው። ራሷ የጫነችው፣ ራሷ ያገናኘችው! በድንጋጤ ያንን ረሳችው። ዳባት ላይ፣ ስሜነህ ከክፍል ሲወጣ ስልኩ «ሐመልማል አንድ ማስታወሻ ሰርዛለች» አለው። የተሰረዘውን ከፍቶ አነበበው። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ተማሪዎቹ እየገፉት ሲያልፉ፣ ቆሞ ቆጠረ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ሱቋ በር ላይ ደረሰ። ጭጋጉ ኮቱን አርሶታል።

«በስህተት ነው የነካሁት በይኝ» አላት።

«አልዋሽህም።»

«ሐመልማል...»

«ከእኔና ከአንተ ሌላ ማን ያውቃል? ላንተ ሁለት ቤት፣ ለእኔ አንድ ቤት ነው የጎደለን። አንድ ቤት ስሜነህ! ለዚች ብለህ ልትተወኝ ነው?»

ወንበሩ ላይ ተዘፍዝፎ ተቀመጠ። «ኮሶዬ ላይ ኪዳኑና ስመኝ የሚባሉ ልጆች አሉ» አላት። «አምና ሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስድስት ናችሁ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ስመኝ እግሬ ላይ ወድቃ ‹አላየሁም በል› ብላ ለመነችኝ። ወግ ነው አልኳት። አሁን የራሴ ሲሆን ላጥፋው? በምን ዓይኔ ነው የማያት?»

«እኔንስ በምን ዓይንህ ነው የምታየኝ?»

እጇን ሊይዝ እጁን ሰደደና፣ መሀል ላይ መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ነገሩ ማብቃቱን ሐመልማል ያወቀችው ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ትሟገተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ «እንግዲያው አንተው ንገራቸው። እኔ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም» አለችው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ስሜነህ ተነሥቶ ሁሉን አንድ በአንድ ተናገረ፤ መሰረዟን ብቻ ደበቀላት። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አማተቡ።

«ከኃጢአት የጠበቀን አምላክ ይመስገን» አሉ። ዓይናቸው ግን ወደ ልጃቸው መዞር ፈራ።

ሐዘኑ ባልከፋ፤ የከፋው ከሐዘኑ በኋላ የመጣው ደስታ ነው። መሪጌታ ስሜነህን ትክ ብለው ሲያዩት ቆዩና ፊታቸው ቀስ በቀስ ፈካ። «የሰይፈ ሥላሴ ወንድም ዘር አልቋል ብለን ስንት ዘመን አዝነናል። ለካስ አለ! ና ሳመኝ ልጄ። ይኼ የሥጋ ዘመዶችህ ቤት ነው። ለፋሲካም ለጥምቀትም ሌላ ቤት አትሂድ፣ እዚሁ ነህ።»

ሽማግሌዎቹም የሚሉት ጠፍቷቸው ነበርና ነገሩን እንደ እፎይታ ያዙት፤ «እንኳን አገናኛችሁ» ተባባሉ። እናቷ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ለእጮኛ ያዘጋጁትን ማዕድ ለዘመድ አቀረቡ።

«ሐመልማል፣ ወንድምሽን አስታጥቢው እንጂ» አሉ መሪጌታ።

ማስታጠቢያውን ይዛ ፊቱ ጎንበስ አለች። ውሃውን አፈሰሰችለት። እጁ ጸድቶ አብቅቷል፤ እሷ ግን ማፍሰሷን አላቆመችም፤ እሱም እጁን አልሰበሰበም። ሰዎቹ ማየት ጀመሩ።

«ይበቃኛል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ።»

ፎጣውን አቀበለችውና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።