ደረቁ አስፋልት

ስልኩ ሲጮህ የውሃ ቦቴው ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ የሚወስደው አዲሱ አስፋልት አፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዘንጋዳ፣ ውሃውን ልቀቀው» አለ ማጭድ።

ሙጂብ ጆሮውን ተጠራጠረ። ዘንጋዳ የእሱ የምስጢር ስም ነው፤ ማጭድ ደግሞ በድሩ፣ ሙጂብን ሹፌር አስመስሎ ተቋራጩን እንዲሰልል ያስገባው መርማሪ። ዛሬ የመንገዱ ርክክብ ነው። አስፋልቱ ሳይበሳ፣ ጥግግቱ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ይለካል። መሣሪያውን ውሃ ያታልለዋል። ላዩ ቢደርቅ እንኳ በአስፋልቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረው እርጥበት ልል የሆነውን ጥቅጥቅ ያስመስለዋል።

«ትናንት ደረቅ ይሁን አላልክም?»

«ወንድሜ፣ አትፈላሰፍ። ድርሻህ ተቀምጧል።»

በድሩ ተሽጧል።

ርካሽ! አስፋልቱን በሮለር ደግመው ሳያስጠቀጥቁ ሪባን ለመቁረጥ ከሚሽቀዳደሙት ባለከረባቶች አንዱ ሆነ። አምና ይኸው ተቋራጭ የሠራው መታጠፊያ ክረምቱን ሳይጨርስ ተቦረቦረ፤ ሚኒባስ ተገለበጠ፤ የረቢአ አባት ሞቱ። ረቢአ ከሚሴ ናት። ሙጂብ ቅዳሜ ሽማግሌ ሊልክባት ነው። ሙጂብ ግን ለስለላው የያዘው ስም ነው፤ እውነተኛውን አታውቅም።

ከኋላ የፒካፕ ጡሩምባ አንባረቀ። የተቋራጩ ፎርማን ዘይኑ ነው።

«ምን ይገትርሃል? አርጥብ!»

ሙጂብ መሪውን ጠመዘዘ።

ከመንገዱ ዳር ወዳለው የከብት ገበያ።

ቧንቧውን ከፈተ። «አጠጡ!» ከአፋር ቆላ የመጡት ነጋዴዎች ሁለተኛ ጥሪ አልጠበቁም። ግመልና በሬ ቦቴውን ከበበ። ፒካፑ መሐል ተቀረቀረ።

«ዝጋው፣ አንተ ውሻ!»

አንድ ሽማግሌ የፒካፑን ኮፈን በዱላቸው መቱ። «አቦ ተወው! ሰው ሰደቃ ሲያወጣ ምን አገባህ? ወላሂ፣ ግመሌ ካንተ ይሻላል።»

ቦቴው ተንጠፈጠፈ።

ከገበያው ጥግ ሙጂብ አየ። መንገዱን ልትረከብ የመጣችው ባለሙያ ፈይሩዝ መለኪያ መሣሪያውን ደረቁ አስፋልት ላይ አስቀመጠች። አነሳች፤ ጥቂት ራቅ አድርጋ ደገመች። አንዱ ቦታ ጠንካራ፣ ቀጣዩ ልል።

«መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል» አለ አጠገቧ የቆመው በድሩ።

«መሣሪያው ደህና ነው። የተበላሸው ሌላ ነው። ይህ መንገድ ሳይሆን ወንፊት ነው፤ አልረከብም።»

በድሩ ዞረ። ከሙጂብ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። ለተቋራጩ ሰዎች ጣቱን ወደ እሱ ቀሰረ።

«ያዙት! ሰላይ ነው!»

ሙጂብ ከግመሎቹ መሐል ገባ። ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ረቢአ።

«ሙጄ፣ እማ ሽማግሌዎቹ ስንት ናቸው ትላለች።»

«ረቢአ... የአባትሽ ገዳዮች ይህን መንገድ አላስረከቡም።»

«ምን ማለትህ ነው? ቅዳሜ አትመጣም?»

በድሩ በስልኩ እንዳይደርስበት ሲሙን አውጥቶ ረገጠው።

ፍየል የጫነ አይሱዙ ወደ ባቲ ሊነሳ ነበር። ዘሎ ወጣ።

«ስምህ ማነው፣ ወንድሜ?» አለ የፍየሎቹ ባለቤት።

«አሚር» አለ፤ ለረቢአ ያልነገራትን እውነተኛ ስሙን።