ጠቅ እስኪል ድረስ

«ኢንጂነሯ፣ ዳዶው እምቢ ብሏል!» አለ ከክበቡ ልጆች ረጅሙ። የቁልፉን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ ሊንጠለጠልበት ምንም አልቀረውም።

«ጎማው እየዞረብህ እኮ ነው። አንድ ሰው ይግባና ፍሬን ይርገጥ» አለች ኢንጂነሯ።

አንዷ ሮጣ ገብታ ረገጠች። ረጅሙ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ሲጫነው፣ የጎማውን መሐል የያዘው ትልቁ ዳዶ ጮኸና ላላ። የመኪና ክበቡ አባላት በሙሉ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ደግሞ ለረጅሙ ሳይሆን ለእሷ ነበር፤ የአንዱ ጉልበት በሌላው ስም ሲመዘገብ እንዲህ ነው። እሷም ፈገግ ብላ ተቀበለች። ውስጧ ግን ፈርቶ ነበር፣ ያውም በጣም።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ተማሪው ሁሉ «ሲስተር» የሚላቸው የትምህርት ቤቱ ነርስ፣ ቀይዋ አሮጌ መኪናቸው በታጠፈች ቁጥር «ቋ ቋ ቋ» እያለች እንደምታሳፍራቸው ለክበቡ ነገሩ። የወርክሾፕ አስተማሪው ጎንበስ ብለው አዩና ሴሚያሶቹ አልቀዋል አሉ። ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ተነስተው የፊት ጎማዎቹን የሚያዞሩት ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ማለታቸው ነው፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። «የእኔ ትምህርት ግን ብየዳ ነው፤ እነሱን ፈትቼ አላውቅም» ሲሉ ነው እሷ እጇን ያወጣችው።

«ቲቸር፣ እሱማ ቀላል ነው! እኔ አባቴ ጋራዥ ስንቴ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ኢንጂነሯ ሆኖ ቀረ። አባቷ መካኒክ መሆኑ እውነት ነው። ሴሚያስ ሲፈታና ሲገጠም እያየች ማደጓም እውነት ነው። የእሷ ድርሻ ግን ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኦቾሎኒ እየቆረጠመች፣ «ርገጪ» ስትባል ፍሬን መርገጥ፣ «ልቀቂ» ስትባል መልቀቅ ነበር። በቃ። ውሸቷን ልታወጣው አስባ ሁለት ቀን እስከ አስተማሪው ቢሮ በር ድረስ ሄዳ፣ ሁለት ቀን ተመልሳለች። እነሆ ቅዳሜ ደረሰ። ሲስተር መኪናዋን ከሁለት አዳዲስ ሴሚያሶች ጋር አስረክበው «ስምንት ሰዓት ላይ እናቴን ከሆስፒታል ማውጣት አለብኝ፣ አደራ!» ብለው ሄዱ።

የሚገርመው፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ሰመረላት። ዳዶው ከላላ በኋላ በግራው በኩል መኪናዋን በክሪክ አነሱ፣ ከሥሯ የብረት ማቆሚያ አስገቡ፣ ጎማውን አወለቁ። «ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ የካምቢዮው ዘይት ይውረድ!» ስትል የአባቷ ድምፅ ከአፏ የወጣ መሰላት። ጎማ የሚታሰርበትን ብረት ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘውን ቴስቲና በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲሉት ተላቀቀ። ከዚያ የብረት ዘንግ በካምቢዮውና በሴሚያሱ መሐል አስገብታ ስትፈነቅል አሮጌው ሴሚያስ ወጣ፤ ውስጥ የቀረው ዘይትም ተከትሎት የአስተማሪው ሱሪ ላይ ፈሰሰ።

«ተባረኪ» አሉ አስተማሪው፣ ሱሪያቸውን እያዩ።

አዲሱን ያዘች። ጥርሶቹን ከካምቢዮው ጥርሶች ጋር አገናኝታ ገፋችው። ገባ፣ ገባ፣ ገባና ሊያልቅ ሲል ቆመ። እንደገና ገፋች። ረጅሙ ከኋላ አገዛት። ንቅንቅ አላለም።

«ገብቷል እኮ! ትችያለሽ!» አለ ረጅሙ። «ቀጥይ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

የስልኳን መብራት አብርታ አየች። በሴሚያሱና በካምቢዮው መሐል ትንሽ ጣት የምታህል ክፍተት ቀርታለች። አባቷ ጋራዥ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ሾፌሩ ወንበር ላይ ሆና እንኳ ትሰማዋለች። ያ ድምፅ ሳይሰማ አባቷ ወደሚቀጥለው ሥራ አልፎ አያውቅም።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ጎማው ይታሰራል፣ ዳዶው ይጠብቃል፣ መኪናዋም ከግቢው ትወጣ ይሆናል። ከዚያ አንዱ መታጠፊያ ላይ ሴሚያሱ ሾልኮ ይወጣና ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ መንገድ መሐል ትቆማለች፤ ሲስተር መሪ ላይ፣ ከሆስፒታል የወጡት እናታቸው ከኋላ።

«አልገባም» አለች።

«ምን?» አለ ረጅሙ።

«አልገባም። ጠቅ አላለም።» ወደ አስተማሪው ዞረች። «እና ደግሞ እኔ ፈትቼም ገጥሜም አላውቅም። ዋሽቼ ነው።»

የአስተማሪው ፊት ተለዋወጠ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አንቺን አምኜ ነው የሰው መኪና ያስፈታሁት!»

«አውቃለሁ ቲቸር። ይቅርታ።»

«ይቅርታው ይቆየን። አሁኑኑ አባትሽ ጋ ደውዪ። ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ ሁላችንም እንስማ።»

ደወለች። «አባዬ፣ ትምህርት ቤት ሴሚያስ እየገጠምን ነው፤ አልገባ አለኝ።»

«ማነው የሚገጥመው?»

«እኔ።»

«አንቺ?» አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ እኮ የምታውቂው ፍሬን መርገጥና ኦቾሎኒዬን መጨረስ ነው!»

ሳቁ ወርክሾፑን አናጋው። ረጅሙ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አስተማሪው እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ሳቁ በረድ ሲል ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ከእንግዲህ የምትደብቀው የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነስቶላታል።

«ልምጣ?» አለ አባቷ፣ አሁን ቁም ነገር ይዞ።

ሁሉም አዩአት።

«አይ፣ አትምጣ። ግን ስልኩን አትዝጋው።»

«እሺ። አውጪውና ጫፉን እዪው። ቀጭን ክፍት ቀለበት አለች፣ አየሻት?»

ሴሚያሱን በጥንቃቄ መልሳ አወጣች። «አየኋት። አፏ ወደ ጎን ነው። በአንድ በኩል ወጣ ብላለች።»

«እሷ ናት በር ላይ ቆማ የምትከለክልሽ! ግሪስ ቀቢያትና መሐል አስቀምጫት፤ አፏ ወደ ታች ይሁን። ጥርሱ ሲያያዝልሽ እየተለማመጥሽ አትግፊ፣ ባንዴ ላኪው።»

ግሪሱን በጣቷ ቀባች። ቀለበቷን አስተካከለች። ጥርሶቹ ሲያያዙ ተሰማት። ትንፋሿን ሰብስባ በሙሉ ኃይሏ ላከችው።

ጠቅ!

«ገባልሽ!» ሲል የጮኸው ከሁሉም ቀድሞ ስልኩ ውስጥ ያለው አባቷ ነው። ከዚያ በኋላ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ አልተለየም። በዘንጉ ወደ ውጭ ገፋ አድርጋ ሞከረችው፤ ፍንክች አላለም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እሷ ግን ደስ ብሏት ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ቀኙንስ ማን ይሥራው?» አሉ አስተማሪው፣ ገና እንደተቆጡ።

«እኔ» አለች። «አሁን አንዴ ሠርቻለሁ።»

ቀኙ በመጀመሪያው ግፊት ጠቅ አለ። ቴስቲናዎቹ ተመለሱ፣ ጎማዎቹ ታሰሩ፣ መኪናዋ መሬት ወረደች፣ አዲስ ዘይት ጠጣች። ትልልቆቹን ዳዶዎች የምታጠብቀው እሷ ሆነች፤ ሾፌሩ ወንበር ላይ የተሰየመው ደግሞ ረጅሙ።

«ርገጥ!» አለችው። ረገጠ። «ልቀቅ!» ለቀቀ።

«ኦቾሎኒውስ?» አለ ረጅሙ በመስኮት ብቅ ብሎ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ሲስተር መጡ። ግሪስ እስከ ክርኗ የለበሰችውን ልጅ ከላይ እስከ ታች አዩአት።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው? ከዚህ በፊት ስንቴ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሁለቴ፣ ሲስተር። ሁለቱንም ዛሬ።»

ሲስተር ወደ አስተማሪው ዞሩ። አስተማሪው ትንሽ አሰቡ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ሁለቱም ገብተዋል።»

«እስቲ ግቢው ውስጥ አንድ ዙር ልሞክራት። ማነው አብሮኝ የሚገባ?»

ረጅሙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኔ እዚህ ሆኜ ባጨበጭብ ይሻለኛል!»

እሷ እጇን በጨርቅ ጠረገችና የፊቱን በር ከፍታ ገባች። ቀበቶዋን አሰረች። ከጎማው በኩል የሚመጣ ምንም ድምፅ እንዳያመልጣት የመስኮቱን መስታወት እስከ ታች አወረደች።

«ወደ ግራ ያዙሩት ሲስተር፣ እስከ መጨረሻው።»

ቀይዋ መኪና ግቢውን ይዛ ዞረች። ከሞተሩ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

«አሁን ወደ ቀኝ» አለች። «ፈጠን አድርገው።»